የአርቪ ኤሲ በቤት መብራት፦ ዳላስ ላይ አንድ ሙሉ ሰመር ከተጠቀምኩበት በኋላ

ዳላስ በሰመር ከ38 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ከአገር ቤት ዘመድ መጥቶ ቤት ሲጣበብ ደጅ የቆመው አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው ተሽከርካሪ ቤት) ጥሩ የእንግዳ ክፍል ይሆናል፤ ኤሲው (አየር ማቀዝቀዣው) ከሠራ ነው ታዲያ። የኔ አርቪ ጣራ ላይ ያለው ባለ 13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ ሲሆን የምሰካውም ጋራዥ ውስጥ ባለው ተራ ሶኬት ላይ ነው። ማይክሮ ኤር ኢዚስታርት 364 የሚባለውን የኮምፕሬሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) ማስነሻ ያስገጠምኩት ለዚሁ ነው።

እንዲህ ያለ ኤሲ አንዴ ከተነሳ 12 ወይም 13 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። ኮምፕሬሰሩ በሚነሳባት ቅጽበት ግን ከ50 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ የቤት ብሬከር (መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን መብራቱን የሚያቋርጠው) የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ይህ ዕቃ ኤሌክትሪኩን ለኮምፕሬሰሩ ቀስ እያለ ይለቅለታል። ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ አምስት መነሻዎች የኮምፕሬሰሩን ጠባይ አጥንቶ ይይዛል። ድሮ ኮምፕሬሰሩ ሲገባ ጣራው ድም ይል፣ መብራቱም ደብዘዝ ይል ነበር። አሁን ድምፁ እያደገ ሲመጣ ብቻ ነው የሚሰማው። ሰመሩን በሙሉ ኤሲው ሲነሳ ብሬከር ወድቆብኝ አያውቅም።

ማስነሻው ኤሲው ከተነሳ በኋላ የሚስበውን ግን አይቀንስም፤ ይህን ሳያውቁ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለሰዓታት ለሚሠራ ነገር የብሬከሩ 80 በመቶ ብቻ ነው የሚታሰበው፤ ባለ 15 አምፔሩ 12፣ ባለ 20ው 16 አምፔር ማለት ነው። ስለዚህ 15 ላይ ጥብብ ይላል፣ 20 ላይ ይመቻል። የኔ ባለ 20 ነው፤ እሱም ቢሆን ኤሲው እየሠራ ሌላ ከባድ ነገር አይችልም። ፍሪጁን በጋዝ አደርገዋለሁ፣ የውሃ ማሞቂያውን ኤሌክትሪክ አጠፋለሁ። ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ እዚያ ማፍላት የማይታሰብ ስለሆነ ጀበናው የሚጣደው ቤት ነው።

ከማስነሻው ይልቅ ወሳኙ ሽቦው ነው። በ15 ሜትር ባለ 16 ቁጥር ኤክስቴንሽን ላይ ብቻ 5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ያ ሁሉ ሽቦውን የሚያግል ሙቀት ነው። ባለ 10 ቁጥር ከሆነ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ከ1 ቮልት ብዙም አያልፍም። አርቪው ውስጥ ቮልት ማሳያ ሰክቼ አያለሁ፤ ከ105 ከወረደ ኮምፕሬሰሩ እንዳይቃጠል ኤሲውን አጠፋለሁ። አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ደግሞ ስፒናውን በእጄ እነካለሁ። ለብ ቢል ደህና ነው፣ ካቃጠለ ግን የሶኬቱ ጥርስ ላልቷል። የኔ ሶኬት አሮጌ ስለነበር ጁላይ ላይ ፊቱ ቡናማ መሆን ጀመረ፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ በአዲስ አስቀየርኩት።

ማቀዝቀዙን በተመለከተ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከበራ ቀኑን በደንብ ይይዛል። እኩለ ቀን ላይ የጋለ አርቪን እንደ አዲስ ለማቀዝቀዝ ግን እስከ ማታ ይታገላል። ጥላ ስር ማቆም በጣም ያግዛል።

ዋጋው 300 ዶላር አካባቢ ነው። ቤታችሁ ባለ 30 አምፔር የአርቪ ሶኬት ካለ ለዚህ ሲባል አትግዙት። ይህን ሶኬት አዲስ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ 120 ቮልት መሆኑን ለኤሌክትሪሺያኑ አጥብቃችሁ ንገሩት። ከልብስ ማድረቂያው 240 ቮልት ጋር አምታትተው የሚገጥሙ አሉ፤ ያን ጊዜ ኮንቨርተሩም (የቤቱን መብራት ለአርቪው ባትሪ የሚቀይረው)፣ ማይክሮዌቩም፣ ኤሲውም ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሥራው ሲያልቅ አርቪውን ከመሰካታችሁ በፊት እናንተ እያያችሁ ቮልቱ በመለኪያ ይለካላችሁ።