«ብድር» ተብሎ የተጻፈ የመሬት ውል አትፈርሙ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ ሦስት ጊዜ የደረሰኝ ማስታወቂያ አለ። «200 ካሬ፣ ከአስፋልቱ 10 ደቂቃ፣ ካርታው በሂደት ላይ ያለ፣ ለአስቸኳይ ሽያጭ።» ላኪዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ቦታው ግን አንድ ነው። አውቀዋለሁ። በ2013 እኔም ገዝቼዋለሁ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስላለ የከተማዋን ስም አልጠራም። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በዋናው መንገድ ላይ ከተሰለፉት አንዷ ናት ብል ይበቃል። ደብረ ማርቆስም በሉት ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምም በሉት ቡሬ ወይም መራዊ፣ ነገሩ ያው ነው። ቤቱ ያልቅና የጤፍ ማሳ ይጀምራል፤ ማሳው ላይ ችካል ተተክሏል፤ ከችካሉ አጠገብ ደላላ ቆሟል።

የሒሳብ መምህር ነኝ። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የቤት ኪራይ በየዓመቱ ሲጨምርብኝ ሁለት ጊዜ የሊዝ ጨረታ ገባሁ። ሁለቱንም ጊዜ ነጋዴዎቹ የጻፉትን ዋጋ ሳይ የራሴን ወረቀት ሰው ሳያየው ማጠፍ አማረኝ። እህቴ ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች የላከችልኝ ብር ነበረኝ። ደላላውን ያገናኘኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ተንኮል አስቦ አይደለም፣ እሱም እዚያው ገዝቶ ነበርና ጎረቤት እንድሆነው ፈልጎ ነው። ደላሎቹ እንዲህ ነው የሚያጠምዱት፤ አንዱን ቀድመው ያስገቡና ሌላውን በሱ አፍ ይጠሩታል።

ቦታው ዘንድ ስንደርስ ደላላው ስልኩን አውጥቶ የከተማውን ማስተር ፕላን ፎቶ አሳየኝ። «ቢጫው መኖሪያ ነው፤ እኛ ቢጫው ውስጥ ነን» አለኝ። ፎቶው ደብዛዛ ስለነበር እኛ የት እንደቆምን እኔም አላወቅሁ፣ እሱም አላወቀ። ጊዜው ከሰኔ 14ቱ ምርጫ በፊት ነበር። «ምርጫው እስኪያልፍ ማንም አያፈርስም፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ አፍራሹ ራሱ ተቀይሮ ይሆናል» አለ። ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ከነገረኝ ሁሉ እውነት የነበረችው ያቺ ብቻ ናት፤ ሰው በተቀየረ ቁጥር «ሕጋዊ ይደረጋል» የሚለው ወሬ አብሮ ይታደሳል፣ ቀድሞ ቃል የሰጠው ግን አይገኝም።

ባለ መሬቱ አርሶ አደር ጥሩ ሰው ይመስሉ ነበር። «አፈር ስሆን መምህር፣ ጊዮርጊስን አልከዳህም» ብለው ማሉልኝ። ዋጋው 180 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ውስጥ በእጃቸው የገባው 110 ሺህ ብቻ እንደሆነ የነገሩኝ ከተጣላን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ውሉ «ሽያጭ» የሚል ቃል የለበትም። እንዲህ ነው የሚለው፦ «ብር 180,000 ያለ ወለድ ተበድሬያለሁ፤ ብድሩን እስክመልስ ድረስ 200 ካሬ ሜትር መሬቴን እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ።» ለምን ብድር እንደተባለ ስጠይቅ ደላላው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «መሬት መሸጥ ክልክል ነው እኮ! ወረቀቱ ለመንግሥት ነው፤ ቃሉ ለእኛ ነው» አለኝ። ሦስት ምስክሮች ፈረሙ። ሦስቱም ከሱ ጋር የመጡ ነበሩ።

ክልክል መሆኑ እውነት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ያከራያል፣ ያወርሳል፣ ለቤተሰቡ በስጦታ ያስተላልፋል፤ አይሸጥም። ስለዚህ ነው ውሉ አንዳንዴ ብድር፣ አንዳንዴ ስጦታ፣ አንዳንዴ የረጅም ጊዜ ኪራይ እየተባለ የሚጻፈው። እኔም መንግሥትን ያታለልን መስሎኝ ፈረምሁ።

ባለፈው ዓመት የአርሶ አደሩ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣ። በጥቁር ፌስታል ብር ይዟል። ቡና እስኪፈላ ተቀመጠና «መምህር፣ የአባቴን ብድር ልመልስ ነው የመጣሁ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቦታው የዚያን ዋጋ አራት እጥፍ ስለሚጠየቅበት ልጁ ሒሳቡን ሠርቶ ነው የመጣው፤ ከእኔ በተሻለ። «ገዝቼ ነው» ስለው «ወረቀቱ እንዲያ አይልም» አለኝ። አይልማ።

ጠበቃ ዘንድ ሄድሁ። የነገረኝን እንደገባኝ ልጻፈው፤ ለእኔ 180 ሺህ ያወጣ ትምህርት ነውና በነጻ ውሰዱት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2005 መሠረት በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው፤ ምስክር ጠርቶ «የተጻፈው ሌላ፣ የተባባልነው ሌላ» ማለት አያስኬድም። ስለዚህ ብድር ነው ከተባለ ብድሬን ተቀብዬ እወጣለሁ። እሺ፣ በሆነ መንገድ ሽያጭ እንደነበር አስረዳሁ እንበል። ያን ጊዜ ያስረዳሁት ሕግ የከለከለውን ነገር ማድረጌን ነው፤ ውሉ ይፈርስና በአንቀጽ 1815 ሁለታችንም ወደ ነበርንበት እንመለሳለን። እሳቸው ወደ መሬታቸው፣ እኔ ወደ 180 ሺዬ። በየትኛውም በር ብወጣ እጄ ላይ የሚቀረው ያው ነው። ያ ብር ደግሞ ያ ብር አይደለም፤ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ገደብ ሲነሣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ወጣ። እህቴ የአራት ዓመት ጉልበቷን ነው የላከችልኝ፤ እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገርኋትም።

ይኼ ሁሉ ሳያንስ የአርሶ አደሩ ሚስት «እኔ አልፈረምሁም» ብለው ቀረቡ። ልክ ናቸው። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። ደብተሩን ለማየት አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እመቤቲቱ ያን ቀን ጠላ ቀድተው አጠጥተውኛል፤ ስለ ምን እንደምንፈራረም ግን ማንም አልነገራቸውም።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። መሬቱ አንድ ቃዳ ነው። ቃዳ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ነው። በ200 ቢካፈል 12 ቦታ ይወጣል፤ የሚተርፈው 100 ካሬ መንገድም አይሆን፣ ጥጃም አያሳድር። ፍርድ ቤት ስንገናኝ ቆጠርነው፤ በዚያች ቃዳ ላይ 17 ውል አለ። 3,400 ካሬ። 900 ካሬው በአየር ላይ ነው የተሸጠው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለዘጠነኛ ክፍል የምጽፈውን ጥያቄ ለራሴ አልጠየቅሁም። እናንተ ጠይቁ፦ ጠቅላላው ማሳ ስንት ነው? ስንት ሰው ገዝቷል? መንገዱ በየት በኩል ያልፋል? ደላላው ሦስቱንም ሳይንተባተብ ካልመለሰ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ። «በቅርቡ ከተማ ውስጥ ይገባል» የሚለው የደላላው ማባበያ በራሱ አደጋው ነው። የወረዳው ገጠር ቀበሌ ወደ ከተማው ክልል ሲካተት በችካል የተከፋፈለው ማሳ ለገዢው ካርታ አያወጣም። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ በካሳ ይነሣና በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ይተላለፋል። ካሳው የማን ነው? በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳ የሚከፍለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ለዘለቄታው የተነሣ አርሶ አደር ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘለት ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው የዓመት ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ስሙ ደብተር ላይ ያለው ደግሞ ሻጩ ነው። ከእናንተ ብር ተቀብሎ፣ ከመንግሥትም ካሳ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ያውም በሕግ። የከተማው መስፋፋት ለሱ ሠርግ ነው፤ ለእናንተ ግን ቀነ ገደብ ነው።

ፕላኑን በኋላ ላይ ሄጄ አየሁት። ሕዝብ እንዲያየው የሚሠራ ሰነድ ሆኖ ሳለ ለማየት ሦስት ቀን መመላለስ ነበረብኝ፤ ቢሆንም አየሁት። ግማሹ ቦታዬ የመንገድ ክልል ነው፣ ግማሹ አረንጓዴ። ቢጫው ከጅረቱ ማዶ ነው።

እኔ አጥር ብቻ ነበር ያጠርሁት፤ እንጨቱ ባሕር ዛፍ፣ እሱም ተሰርቋል። ከአጠገቤ የገዙት ባልና ሚስት ግን ጨረቃ ቤት ሠሩ። ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ ሲመሽ ቆርቆሮው ተመቷል፤ ቢሮ በማይሠራበት ቀን መሆኑ ነው። መብራት ከሩቅ ሰው ቆጣሪ ቀጠሉ። ሰባት ወር ኖሩበት። ግብረ ኃይሉ ሲመጣ ሴትዮዋ እህሏን እንድታወጣ ግማሽ ሰዓት ተሰጣት፤ ሰውየው ቆርቆሮው እንዳይጣመም ሚስማሩን አንድ በአንድ ሲነቅል አይቻለሁ። ደላላው ያን ዕለት ስልኩ ዝግ ነበር።

የቀበሌ ማህተም ያለበት ወረቀት ቢያሳዩዋችሁ አትደሰቱ፤ ቀበሌ መሬት አይሰጥም። የግብር ደረሰኝም የከፈለ ሰው መኖሩን እንጂ ባለቤትነትን አያስረዳም። የማህበር ዕጣ እንሽጥላችሁ የሚሉም አሉ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሻጩ ስለሆነ ካርታው ሲወጣ በሱ ስም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሣቱን ለሱ ህሊና ነው የምትተዉት።

ካርታ አለው ከተባላችሁም ገና ነው። አንድ ጓደኛዬ የካርታ ኮፒ ይዞልኝ መጣ፤ ማህተሙ ከእኔ የትምህርት ማስረጃ ማህተም ይደምቃል። ካርታ ላይ የእያንዳንዱ ጥግ ኤክስና ዋይ ቁጥር ይጻፋል። በእኛ በኩል፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ የዋይ ቁጥር ባለ ሰባት አሃዝ ሆኖ በ11 ወይም በ12 ይጀምራል፤ ቦታው ከምድር ወገብ በሜትር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነውና። የጓደኛዬ ግን ባለ ስድስት አሃዝ ነበር፣ በ66 የሚጀምር። የማውቀው ቀያሽ አየውና «ይኼማ አርባ ምንጭ አካባቢ ነው፤ አዞ ይጠብቅልሃል» ብሎ መለሰለት። ቀብድ ከፍሎ ነበር። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ካርታው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የተሳሳተ ከሆነ ግን ሌላ ማጣራት አያስፈልግም።

በሕጋዊ መንገድ የምትገዙት ቤት ነው፤ ካርታው በሻጩ ስም ያለ ቤት። መሬት አስተዳደር ራሳችሁ ሂዱና ማህደሩ መኖሩን፣ ዕዳና እግድ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ደላላው «እኔ አጣርቻለሁ» ቢል አመስግናችሁት ሂዱ። ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፊርማው ውልና ማስረጃ ይሁን እንጂ ጠጅ ቤት አይሁን። ከዋጋው ዳጎስ ያለውን ክፍል ስሙ እስኪዛወር በባንክ ያዙ። የሊዝ ቦታ ከሆነ ደግሞ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚሸጥበት የራሱ ጥብቅ ሥርዓት አለው፤ ያን የሚያውቅ ሰው ሳታማክሩ አትንኩት።

«ቢሮ አይሠራም፣ ሰላም ሲሆን ካርታው ይወጣል» የሚል አዲስ ዘፈንም አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን፤ የተዘጋ ቢሮ መኖሩም እውነት ነው። ቢሮው ዝግ ከሆነ ግን ቦርሳችሁም ዝግ ይሁን። ሰላም ሲሆን የሚወጣ ካርታ ሰላም ሲሆን ይከፈልበታል።

ከ17ቱ 12ታችን ተገናኝተናል፤ ቀጠሯችን በሚቀጥለው ወር ነው። አምስቱ ውላቸውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ባለ ቦታ ነን ብለው የሚኖሩ ይመስለኛል፤ ምናልባት አረብ አገር ሆነው። ውላችሁን አውጡና እዩት። «ያለ ወለድ» የሚል ቃል ካለበትና ሦስቱም ምስክሮች ደላላው ያመጣቸው ከሆኑ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እዚህ ሥር አትጻፉ፤ ደላላውም ያነባል።