የጡብ ጭስ ማውጫ ላለው ቤት የትኛው የጋዝ ፈርነስ ይሻላል? 80 በመቶውና ኮንደንሲንጉ ጎን ለጎን

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ፣ እንዲሁም በሚኒሶታዋ ሴንት ፖል በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተሠሩ ቤቶችን የገዙ ወገኖቻችን ቤዝመንት ሲወርዱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ያገኛሉ፤ ዕድሜው የገፋ የጋዝ ፈርነስ (ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን)፣ አጠገቡ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ፣ የሁለቱም የቆርቆሮ ቧንቧ ተገናኝቶ ወደ አንድ የጡብ ጭስ ማውጫ ይገባል። ፈርነሱ የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ ኮንትራክተሮች የሚያቀርቡት ምርጫ በአብዛኛው ሁለት ነው፤ ከጋዙ ሙቀት 80 በመቶውን ለቤቱ የሚያደርሰው መደበኛ ፈርነስ፣ ወይም ከ90 እስከ 98 በመቶ የሚያደርሰው ኮንደንሲንግ። ገዢው የሚያወዳድረው የማሽኖቹን ዋጋ ነው። ሁለቱን በዋናነት የሚለያቸው ግን ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ስለሆነ፣ የጭስ ማውጫውን ሥራ ያላካተተ ዋጋ ሙሉ ዋጋ ተብሎ ሊወዳደር አይገባውም።

ጉዳዩ የሚጀምረው ከውሃ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል የውሃ እንፋሎት ይፈጥራል፤ በሰዓት 100,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚያቃጥል ፈርነስ በአንድ ሰዓት ሥራ ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። የድሮው ፈርነስ ብዙ ሙቀት ያባክን ስለነበር ጡቡን እያሞቀ፣ ከቤዝመንቱም ደረቅ አየር እየሳበ እንፋሎቱን ሳይቀዘቅዝ በጣሪያ ያስወጣው ነበር። «ያለ ላይነር (በጡቡ ውስጥ የሚገባ የብረት ቱቦ) ሠላሳ ዓመት ሠርቷል» የሚባለው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጭስ ማውጫውን ጠብቆ ያቆየው የአሮጌው ማሽን ብክነት ነበር። አዲሱ 80 በመቶ ፈርነስ ጭሱን በትንሽ ፋን ስለሚያወጣና የክፍሉን አየር ስለማይቀላቅልበት፣ ከእሱ የሚወጣው ጭስ መጠኑ ያነሰ፣ ሙቀቱ የቀነሰ፣ እርጥበቱ ግን የበዛ ነው። ይህ ጭስ ሰፊና ቀዝቃዛ ጡብ ውስጥ ሲገባ በብርድ ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ እንደምናየው ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውሃው አሲድነት ስላለው በጡቡ ውስጥ የተደረደሩትን የሸክላ ቱቦዎች የሚያያይዘውን ሲሚንቶ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ፍርስራሹ ከታች ተከምሮ የቧንቧውን አፍ ሲደፍን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይመለሳል። በጡቡ ላይ የሚታይ ነጭ የጨው ምልክት፣ ፊቱ የተላጠ ጡብ፣ ከታች ባለችው የማጽጃ በር ውስጥ የተጠራቀመ የሸክላ ስብርባሪ፣ ሁሉም ይህ ጉዳት መጀመሩን የሚያሳዩ ናቸው።

እንግዲህ 80 በመቶውን የሚመርጥ ሰው ከፈርነሱ ጋር ላይነር እንደሚገዛ አስቀድሞ ይወቅ። ፋን ያለው ፈርነስ ብቻውን በሸክላ ቱቦ ወደተሠራ የጡብ ጭስ ማውጫ እንዲገባ፣ አምራቹ ለይቶ ካልፈቀደ በስተቀር፣ ኤንኤፍፒኤ 54 የተባለው ብሔራዊ የጋዝ ኮድ አይፈቅድም። ከውሃ ማሞቂያ ጋር ሲጣመርና ጭስ ማውጫው በቤቱ መካከል የሚያልፍ ሲሆን በኮዱ የመጠን ሠንጠረዥ ስሌት ሊፈቀድ የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ በውጭ ግድግዳ ላይ የተሠራና ብርድ የሚያገኘው ከሆነ ግን ስለ ላይነር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ላይነሩ ከአሉሚኒየም ወይም ከማይዝግ ብረት ይሠራል። አሉሚኒየሙ ርካሽና ቀላል ነው፤ የሚያገለግለው ግን ለመደበኛ የጋዝ መሣሪያዎች ብቻ ነው፣ እርጥበትንም ለረጅም ጊዜ አይቋቋምም። 316 የሚል ደረጃ ያለው የማይዝግ ብረት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም የጉልበት ዋጋው ለሁለቱም ተቀራራቢ ስለሆነና ጣሪያ ላይ ሁለት ጊዜ መውጣት ማንም ስለማይፈልግ፣ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል የሚል እምነት አለኝ።

ኮንደንሲንግ ፈርነስ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ጭሱን እዚያው ማሽኑ ውስጥ አቀዝቅዞ ከእንፋሎቱም ሙቀት ስለሚወስድ፣ የሚወጣው ጭስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም የማይበልጥና በፕላስቲክ ቧንቧ ሊወጣ የሚችል ነው። ሆኖም ይህ ጭስ በራሱ ወደ ላይ የመውጣት ኃይል የለውም፤ በፋን ግፊት ስለሚሄድም በምንም ዓይነት በቀጥታ ወደ ጡብ ጭስ ማውጫ መግባት ወይም ከውሃ ማሞቂያው ቧንቧ ጋር መገናኘት የለበትም። ፒቪሲ የሚባለው ይህ የፕላስቲክ ቧንቧ በጎን ግድግዳ ሲወጣ አምራቹ ከመስኮትና ከበር እንዲርቅ ያዘዘውን ርቀት ጠብቆ፣ በረዶ ከሚከመርበት ከፍታ በላይ መሆን ይኖርበታል። ከማሽኑ የሚወርደው አሲዳማ ውሃ የፍሳሽ መውረጃ ያስፈልገዋል፤ በአቅራቢያው ከሌለ ትንሽ ፓምፕ ይገጠማል። መስመሩ በማይሞቅ ቦታ ካለፈ በክረምት በረዶ ይዘጋውና ፈርነሱ ይቆማል፤ ሚኒሶታ ላሉ ሰዎች ይህ ዋዛ አይደለም።

ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ፈርነሱ በፒቪሲ ሲወጣ ለሁለት መሣሪያዎች የተሠራው ጭስ ማውጫ ለውሃ ማሞቂያው ብቻ ይቀራል። ደንቡ የጭስ ማውጫው ክፍት ስፋት ከመሣሪያው መውጫ ስፋት ከሰባት እጥፍ እንዳይበልጥ ይላል። የ3 ኢንች ቧንቧ ስፋት 7 ካሬ ኢንች ገደማ ነው፤ በሰባት ሲባዛ 49 ይሆናል። 8 በ12 የሚባለው የሸክላ ቱቦ ውስጡ 68 ካሬ ኢንች ያህል ስለሆነ ከገደቡ ይበልጣል፤ 8 በ8 የሚባለው ግን 42 ገደማ በመሆኑ ጭስ ማውጫው በቤቱ መካከል ካለፈ ሊያገለግል ይችላል። ከገደቡ ሲበልጥ ጭሱ ሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ቀዝቅዞ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ቤዝመንቱ ይመለሳል። ስለዚህ «ኮንደንሲንግ ከወሰዳችሁ ጭስ ማውጫውን እርሱት» የሚለው ምክር ውሃ ማሞቂያው በዚያው እስካለ ድረስ አደገኛ ነው፤ ጉድጓዱ ከገደቡ ከሰፋ ለእሱም በልኩ የተሠራ ላይነር ያስፈልገዋል። ፒቪሲውን በዚያው የጡብ ጉድጓድ ውስጥ አሳልፎ በዙሪያው በተረፈው ክፍተት የውሃ ማሞቂያውን ጭስ ማስወጣት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በወጪ ረገድ ስሌቱ ግልጽ ነው። ከ80 ወደ 95 በመቶ መሸጋገር ለተመሳሳይ ሙቀት የሚቃጠለውን ጋዝ በ16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በ80 በመቶው ለማሞቂያ ብቻ በዓመት 1,200 ዶላር የሚከፍል ቤተሰብ 190 ዶላር ያህል ይተርፈዋል ማለት ነው። ክረምቱ ረጅም በሆነበት በሴንት ፖል ይህ ልዩነት ቶሎ ይከማቻል፤ ክረምቱ ለስለስ በሚልበት በዲሲ አካባቢ ግን ጭስ ማውጫው በቤቱ መካከል ካለፈና ውሃ ማሞቂያው አዲስ ከሆነ፣ 80 በመቶው ከጥሩ ላይነር ጋር የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ውሃ ማሞቂያው ራሱ ካረጀ ነገሩ ይገለበጣል። ለአሮጌ ማሞቂያ ላይነር ከማስገባት ይልቅ ገንዘቡን ጨምሮ በፋን በፒቪሲ የሚያወጣ ወይም በኤሌክትሪክ ሂት ፓምፕ (ከአካባቢው አየር ሙቀት በሚስብ መሣሪያ) የሚሠራ ውሃ ማሞቂያ ከኮንደንሲንጉ ጋር በአንድ ጊዜ ማስገባት፣ ጭስ ማውጫውንም ከአናቱ መክደን፣ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ነው።

ኮንትራክተር የሚሰጠው የጽሑፍ ዋጋ የላይነሩን ዓይነትና ዲያሜትር፣ የፐርሚቱን ክፍያ፣ ውሃ ማሞቂያውም ወዴት እንደሚወጣ በግልጽ ካላሰፈረ ከሌላ ዋጋ ጋር አይወዳደር። በማስረከቢያው ቀን መስኮቶቹ ተዘግተው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን፣ የማብሰያው ጭስ መሳቢያና የልብስ ማድረቂያው በአንድነት እየሠሩ የውሃ ማሞቂያው ይለኮስ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በማሞቂያው አናት ላይ ባለችው ድራፍት ሁድ በምትባለው ቆብ ጠርዝ ትንሽ መስታወት ሲያዝ ጉም ከለበሰ ጭሱ እየተመለሰ ነውና ሥራው አላለቀም። አላርሙ ይህን ፍተሻ አይተካም፤ መደበኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም 70 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 70 ክፍል) በሆነ መጠን ላይ ለመጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ቢሆንም በየፎቁ፣ በተለይም በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ ሊኖር ይገባል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ያለፈበት ከሆነም ቤቱ ሲገዛ ግድግዳው ላይ ስለተገኘ ብቻ ሊታመን አይገባም።