ካርሜሊት፦ የሃይፋ ዳገት በስምንት ደቂቃ

የእስራኤሏ ሃይፋ ያደግኩባት ከተማ ናት፤ አሁን ኑሮዬ ቶሮንቶ ነው። ዘንድሮ የቤተ እስራኤልን በዓል ሲግድን ምክንያት አድርጌ አያቴ ዘንድ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። በዚያ ጊዜ ገንዘብ ከከፈልኩባቸው ነገሮች ሁሉ ሳላማርር የወረድኩት ከካርሜሊት ብቻ ነው። ኤርፖርት የገዛሁት ሲም ካርድ በሦስተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ። የተከራየኋትን መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ደግሞ የአያቴን ሰፈር ሃዳርን ስዞር ነው የዋልኩት።

ለማያውቀው፣ ካርሜሊት ከመሬት በታች በሽቦ ገመድ እየተጎተተ ተራራ የሚወጣ ባቡር ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን የሠሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ የታችኛው ጣቢያ «ኪካር ፓሪስ» የተባለውም በእነሱ ነው። መስመሩ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 6 ጣቢያና 2 ባቡር ብቻ አለው። ባቡሮቹ በአንድ ገመድ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ መሀል ላይ ሐዲዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ይተላለፋሉ። የእኛ ባቡር ሶሌል ቦኔ ጣቢያ ሲቆም የላዩም ጎሎምብ ጣቢያ ይቆማል። ልጅ ሳለሁ ሹፌሮቹ በስልክ ተነጋግረው የሚያቆሙ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ የሚኖሩት ማሳዳ ጣቢያ አጠገብ ነው። ጉልበታቸው ከደከመ ቆይቷል። የጣቢያው ወለል እንደ ዳገቱ ደረጃ ደረጃ ነው፣ የባቡሩም ውስጥ እንደዚያው፤ ስለዚህ በየትኛው በር እንደሚገባ ማወቅ ራሱ ሙያ ነው። እኔ ፊት ለፊቴ ወዳገኘሁት በር ስሄድ ክንዴን ይዘው፣

«እዚህ ጋ ና ልጄ፤ እላይ ስንደርስ መውጫው አጠገባችን ይሆናል» አሉኝ።

ነጠላቸውን ሰብስበው ብረቱን ጨበጡ። የላይኛው ጣቢያ ጋን ሃኤም ስንደርስ እውነትም መውጫው እዚያው ነበር። ከዚያ ጥቂት ከተራመዱ ወደቡና የባሃኢ ሃይማኖት የአትክልት ስፍራ ከላይ ይታያሉ። እሳቸው ግን የሚወጡት ለእይታ ሳይሆን ለሐኪም ቀጠሮ ነው።

ክፍያው በአውቶቡሱ ራቭ-ካቭ ካርድ ነው፣ ችግር የለውም።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ቤትህ ከጣቢያ ከራቀ አይጠቅምህም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው ራካቭሊት፣ በአየር ላይ በገመድ የሚሄደው፣ ለቴክኒዮን (የቴክኖሎጂ ተቋሙ) እና ለሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ ለሃዳር አሮጊት የሚሆን አይደለም። ካርሜሊት ቆሞ ሲገኝ ደግሞ ምትክ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እሳት ተነስቶበት እስከ 2018 መጨረሻ አካባቢ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ አያቴ ከቤት መውጣት ቀንሰው ነበር።

ለሰንበትም ዓርብ ከሰዓት ይቆማል። ይህን እያወቅኩ፣ ታች ገበያ ስዘገይ በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ሁለት ከረጢት ቲማቲምና ሽንኩርት ተሸክሜ የሃዳርን ደረጃ ወጣሁት። አያቴ በረንዳ ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ካናዳ ሰዓት የለም እንዴ?» አሉኝ።