ባለ 8×42 ባይኖኩላሬ ከ14 ወር የባሕር ጠረፍ ረግረግ በኋላ

ባይኖኩላሬን፣ ማለትም በሁለት ዓይን የሚታይበትን የሩቅ ማሳያ መነጽር፣ ስገዛ ዓይኔ ያረፈው ባለ 10×42ቱ ላይ ነበር። ወፍ ለማየት ዋናው ነገር ማጉላት ይመስለኝ ነበር። ሁለቱንም ተራ በተራ አንስቼ ስሞክር ግን ባለ 10ሩ እጄ ላይ አልረጋ አለ። እጄ ትንሽ ስትነቃነቅ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ በማያጣው የባሕር ጠረፍ ቆሜ እንዴት ልይዘው ነው ብዬ ባለ 8ቱን ወሰድኩ።

ይኸው 14 ወር ሆነኝ። በሳምንት አንዴ፣ ሲመቸኝም ሁለቴ፣ ወደ አንድ የተጠበቀ ረግረግ ስመላለስ ከደረቴ አልወረደም። ስለዚህ የምነግራችሁ ከሳጥኑ ሲወጣ እንዴት እንደነበረ ሳይሆን ጨው፣ ጭቃና ዝናብ ከጠገበ በኋላ ምን እንደሆነ ነው።

ቁጥሮቹን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። 8 ማለት 8 እጥፍ ያጎላል ማለት ነው። 42 የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ይመጣል። ይህ ወደ ዓይናችን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በባለ 10ሩ 4.2 ብቻ ይሆናል። ሲያወሩት ኢምንት ይመስላል። ገና ጎህ ሲቀድ፣ የዓይናችን ብሌን ሰፍቶ ብርሃን በሚፈልግበት ሰዓት፣ ቡናማ ወፍ ከቡናማ ጭቃ ለመለየት ስትሞክሩ ግን ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያችኋል።

የፍልሰት ወቅት ሲጀምር እኔ የማየው ሰዓት ሳይሆን የባሕሩን ሙላት ሰንጠረዥ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወፎቹ ጭቃው ላይ ይበተናሉ። ከሩቅ ነጠብጣብ ብቻ ናቸው። ውሃው ሲመለስ ግን እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል፤ የቀረችው ደረቅ ቦታ ላይ ተጨናንቀው ይቆማሉ። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የዛሬው ሰዓት ለነገ አይሠራም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ውሃው ከወትሮው ከፍ ይላል። ያኔ እኔ ከሙላቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሜ ቦታዬን ይዤ እቀመጣለሁ።

ባለ 8 በመውሰዴ ከልቤ የተደሰትኩት እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ነው። ደንሊን የሚባሉት ትንንሽ የጭቃ ወፎች በመቶዎች ተሰብስበው ቆመው ነበር። ድንገት ሁሉም አንድ ላይ ብድግ አሉ። ጀርባቸውን ሲያዞሩ መንጋው ግራጫ ይሆናል፣ ሆዳቸውን ሲያዞሩ ነጭ ብሎ ያበራል። ምን እንዳስደነገጣቸው አልገባኝም ነበር። ከዚያ በእይታዬ ጠርዝ በኩል ጭልፊት ገባ። ክንፉን ሰብሰብ አድርጎ መንጋውን ሰነጠቀው፣ ባዶ እግሩን ወጣ። ባይኖኩላሩን አንዴም ሳላንቀሳቅስ አሳዳጁንም ተሳዳጁንም አንድ ላይ አየኋቸው። ባለ 10 ጠበብ ያለ ቦታ ስለሚያሳይ አንዱ ከእይታዬ መውጣቱ አይቀርም ነበር።

ብርዱ ሲጠነክር ነው ዕቃው የተፈተነው። መመሪያው ውስጡ ናይትሮጅን እንደተሞላና ውሃ እንደማያስገባ ይናገራል። እውነት ነው። ሁለት ጊዜ ዶፍ ወርዶበታል፣ ከውስጥ አንዴም ጭጋግ አልያዘም። ከውጭ ግን ትንፋሼ የዓይን መስተዋቱን ያደበዝዘዋል፤ እሱን አፍንጫዬን በሻርፕ ሳልሸፍን በመተንፈስ አስተካክዬዋለሁ። የፎከስ ማስተካከያው ጎማ ግን በብርድ ይከብዳል። በጓንት ለማዞር ሁለት ጣት ይፈልጋል። ዳክዬ ውሃ ላይ ተረጋግቶ ሲንሳፈፍ ችግር የለውም። በፊታችሁ ሽው ብሎ ለሚያልፍ ወፍ ግን ይዘገያል።

ስለ ጨው ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የባሕር ካፊያ ሌንስ ላይ ሲደርቅ ነጭ ክብ ይተዋል። ያ ክብ ደቃቅ የጨው ጠጠር ነው። በሦስተኛው ወር በሸሚዜ ጫፍ ደረቁን ጠረግኩት። ዛሬም በግራው ሌንስ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት አለች፤ ፀሐይ ከጎን ሲመጣ ትታያለች። አሁን ቤት እንደገባሁ በንጹሕ ውሃ ቀስ ብዬ አለቀልቀዋለሁ፣ አራግፈዋለሁ፣ ከዚያ ብቻ ነው ለስላሳ ጨርቅ የሚነካው። ማጠፊያው አካባቢ እስካሁን ዝገት የለም።

ትልቁ ቅሬታዬ የዲዮፕተሩ ቀለበት ነው። የሁለቱን ዓይን ልዩነት የሚያስተካክለው ማለቴ ነው። ስድስተኛው ወር ላይ ላላ። ከቦርሳ ሳወጣው በራሱ ዞሮ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ ተጨንቄ ነበር። ለሻጩ ስመልሰው «የአጠቃቀም ችግር ነው» ብሎ ዋስትናውን አልቀበልም አለ። ይህ አሳዝኖኛል። አሁን ትክክለኛው ቦታ ላይ በነጭ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ከማየቴ በፊት አንዴ አረጋግጣለሁ። አብሮት የመጣው የአንገት ማንገቻም አንገት ይቆርጣል። ደረት ላይ በሚታሰር ከቀየርኩት ወዲህ ሙሉ ቀን ብይዘውም አይሰማኝም።

የመራቢያው ወቅት ሲቃረብ እነዚያው ደንሊኖች ሆዳቸው ላይ ጥቁር ጥቁር እያወጡ፣ ጀርባቸው ቀላ እያለ ወደ ሰሜን ይነሣሉ። የሌንሱ ቀለም አጠባበቅ እዚህ ላይ ነው የሚያኮራው። ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ቀዩም አይደበዝዝም። እዚያው የሚቀሩት ሌሎች ወፎች ደግሞ ጠጠር ላይ ይፈለፍላሉ። አንድ ቀን በመንገዱ ስሄድ አንዲት ትንሽ ወፍ ከሩቅ ክንፏን እየጎተተች፣ የተሰበረች መስላ ስትንፏቀቅ በባይኖኩላሩ አየኋት። ከጎጆዋ እየሳበችኝ ነበር። ወዲያው ወደ መጣሁበት ተመለስኩ። ያየኋት ከቅርብ ቢሆን ኖሮ እንቁላሎቿ እግሬ ሥር ነበሩ።

ባይኖኩላር የሚሰጠኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሳልጠጋ ማየት። በ2022 አንዲት ገና አምስት ወር ገደማ የሆናት ጎድዊት የምትባል የጭቃ ወፍ ከአላስካ ተነሥታ በ11 ቀን ውስጥ 13,560 ኪሎ ሜትር ሳታርፍ በርራ የአውስትራሊያ ደሴት የሆነችው ታዝማኒያ ደርሳለች። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጎድዊት ረጅም ምንቃሯን እስከ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ስትሰካ ሳይ ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጨመር አልችልም። የምትበላው ስንቋ ነው። ባስበረገግኳት ቁጥር ከዚያ ስንቅ እቀንስባታለሁ።

ያልቻለውንም ልናገር። አንዳንዶቹ ወፎች እግራቸው ላይ ፊደል የተጻፈበት ባንዲራ መሰል ምልክት አላቸው። ቀለሙን በባለ 8 አያለሁ፣ ፊደሉን ግን አላነብም። ለዚያ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ (ትራይፖድ) የሚቆም ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ውሃው ሩቅ በሸሸበት ሰዓትም እንደዚያው።

ቢጠፋብኝ መልሼ ባለ 8×42 ነው የምገዛው። ከመክፈሌ በፊት ግን የዲዮፕተሩን ቀለበት በአንድ ጣት ገፋ አድርጌ እሞክረዋለሁ። በቀላሉ ከዞረ እዚያው እተወዋለሁ።