ክስ ወይስ ምክር? ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ እያወቀ የደበቀ ሰው

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 514 ተላላፊ በሽታን ሆን ብሎ ማስተላለፍን ወንጀል አድርጎታል፤ ለተበደለ ሰው ፍትሕ ነውና አላናንቀውም። ሆኖም የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች በሚያልፉባት ኮምቦልቻ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል፤ የደም ምርመራ ብቻውን ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይናገርም፣ በእርግዝና ክትትል ቀድማ የተመረመረች ሚስትም «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ተብላ ልትከሰስ ትችላለች።

ምክርና ምርመራ የሚሠሩት ከዚህ ቀድመው ነው። ውጤቷን ይዛ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች «ከሰማ ከቤት ያስወጣኛል» ለምትል ሴት የሚያስፈልጋት፣ አብሯት ተቀምጦ ለባሏ የሚያስረዳ ባለሙያ እንጂ መርማሪ ፖሊስ አይደለም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በእኔ እምነት ክሱ ለመጉዳት አስቦ ላስተላለፈ ሰው ብቻ ይሁን፤ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራምም በ2008 እ.ኤ.አ. የመከረው ይህንኑ ነው።