የሴሉሎስ ባክቴሪያ፦ ከበሰበሰ ፍሬ ማውጣት ይሻላል ወይስ መግዛት?

ሴሉሎስ (የዕፅዋት አካል የተሠራበት ጭረት) በባክቴሪያ ለመሥራት ሦስት መነሻ አለ። ከበሰበሰ ፍሬ ራሳችሁ ታወጣላችሁ፣ የኮምቡቻ (በባክቴሪያና በእርሾ የሚብላላ ጣፋጭ ሻይ) እናት፣ ማለትም ላዩ ላይ የሚሠራውን ሽፋን ትገዛላችሁ፣ ወይም የተጣራ ዝርያ ከውጭ ታዝዛላችሁ።

በፍሬው ልጀምር። በነጻ የሚገኝ ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጭማቂ ቤት ከጣለው አናናስ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ምረጡ፤ ሻጋታ የለበሰውን ተዉት። ቁራጩን ስኳር ባለው ፈሳሽ ውስጥ ከታችሁ በ30 ዲግሪ ሳትነካኩ አስቀምጡት። በሳምንት ውስጥ ላዩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ነገር ከያዘ ተስፋ አለ። ግን እርሾም ስልባቦት ይሠራል። ለመለየት ሽፋኑን በኮስቲክ ሶዳ ቀቅሉት፦ የእርሾው ይበታተናል፣ ሴሉሎሱ ነጣ ብሎ ሳይፈርስ ይቀራል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። በአሉሚኒየም ድስት ደግሞ እንዳትሞክሩት፣ ድስቱን ይበላዋል።

ይሄ ገና መጀመሪያው ነው። ባክቴሪያውን ነጥሎ ለማውጣት አጋር (ባክቴሪያ የሚዘራበት የረጋ ምግብ) ላይ ደጋግሞ መዝራት አለ፤ ሳምንታት ይወስዳል። የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ያለ ኢንኩቤተር (ሙቀቱን እኩል አድርጎ የሚይዝ ሣጥን) አያሠራም። አናናሱ ነጻ ነው፣ የቀረው ሁሉ ገንዘብ ነው።

ኮምቡቻ የሰነፍ መንገድ ነው፤ እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ሻይና ስኳር ይበቃዋል፣ ወፍራም ሽፋንም ይሰጣል። እንደ ቆዳ አድርቆ ቦርሳ ለሚሞክር ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ጉዳቱ ባክቴሪያና እርሾ የተደባለቀበት መሆኑ ነው፤ ሻዩም ቀለሙን ይተውበታል። ልኬት ለሚፈልግ ጥናት አይሆንም።

ለጥናት የተገዛ ዝርያ ነው የሚያዋጣው። ለምሳሌ ኤቲሲሲ የተባለው የአሜሪካ የረቂቅ ሕዋሳት ክምችት በቁጥር 53582 የያዘው ዝርያ በብዙ ጥናቶች የተሠራበት ስለሆነ ውጤታችሁን የምታነጻጽሩበት አታጡም። ተመራማሪዎቹ ሄስትሪንና ሽራም እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጡት የባክቴሪያ ምግብ ይስማማዋል፦ በሊትር 20 ግራም ግሉኮስ፣ 5 ግራም ፔፕቶን (የተሰባበረ ፕሮቲን)፣ 5 ግራም የእርሾ ጭማቂ፣ ጥቂት ፎስፌትና ሲትሪክ አሲድ። የዝርያው ዋጋ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የማስገቢያ ፈቃድም አለ። እየናጣችሁ ካሳደጋችሁት ደግሞ ሴሉሎስ መሥራቱን የተዉ ዘሮች ሊበዙበት ይችላሉ። ዝርያው እንደደረሳችሁ ከግሊሰሮል (ባክቴሪያውን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ወፍራም ፈሳሽ) ጋር በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዛችሁ ቅጂ ያዙ።

ፍሬውን ለማን ልተው? አዲስ ዝርያ መፈለግ ራሱ ሥራው ለሆነ ተመራቂ ተማሪ። እሱም ቢሆን አናናስ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት የትምህርት ክፍሉ ኢንኩቤተር መሥራቱን ይጠይቅ።