አሊ ከስቴቨንሰን፣ ሉዊስ ከቦው፦ ያልተካሄዱ ሁለት የከባድ ሚዛን ግጥሚያዎች

በከባድ ሚዛን ቦክስ ታስበው ከቀሩ ፍልሚያዎች መካከል የመሐመድ አሊና የኩባዊው ቴዎፊሎ ስቴቨንሰን፣ እንዲሁም የሌኖክስ ሉዊስና የሪዲክ ቦው ግጥሚያዎች የቀሩበት ምክንያት ፈጽሞ የተለያየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972፣ በ1976 እና በ1980 የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው ስቴቨንሰን ከአሊ ጋር እንዲጋጠም ብዙ ገንዘብ ቢቀርብለትም፣ አገሩ ፕሮፌሽናል ስፖርትን ስለከለከለችና እሱም የሕዝቡን ፍቅር ከሚሊዮን ዶላር ስላስበለጠ አልተቀበለም። ደንቡም ቢሆን እንቅፋት ነበር፤ አንዱ ሦስት ዙር የለመደ አማተር፣ ሌላው እስከ 15 ዙር የሚዘልቅ ፕሮፌሽናል ነበርና።

የሉዊስና የቦው ግጥሚያ ግን ሕግም ሆነ ድንበር ያላገደው ያልተዘጋ ሒሳብ ነበር። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ ለካናዳ የተሰለፈው ሉዊስ በሁለተኛው ዙር ዳኛው ፍልሚያውን ስላስቆመ ቦውን አሸንፏል። ቦው በ1992 ኢቫንደር ሆሊፊልድን ረትቶ ሦስቱን የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶዎች ሲጠቀልል፣ ከቀበቶዎቹ አንዱን የሚሰጠው የዓለም የቦክስ ምክር ቤት ቀዳሚ ተፋላሚ፣ ማለትም ሻምፒዮኑን የመግጠም ቅድሚያ ያለው፣ ሉዊስ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ ወገኖች በገንዘብ ክፍፍል ሳይስማሙ ቀሩና ቦው ለንደን ውስጥ በጋዜጠኞች ፊት የምክር ቤቱን ቀበቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረው (ትዕይንቱ ከብዙ ፍልሚያዎች ይልቅ ይታወሳል)። ማዕረጉ ለሉዊስ ተሰጠ።

በእኔ ግምት ይበልጥ የሚያስቆጨው ይኸኛው ነው፤ አሊ ከ1976 በኋላ እየደከመ የነበረ ሲሆን፣ በ1992 መጨረሻ ሉዊስ የ27፣ ቦው ደግሞ የ25 ዓመት ጎልማሶች ነበሩ። በ1994 ሉዊስ በኦሊቨር ማኮል ሲረታ ተስፋው መነመነ፤ ቦውም በ1996 ከአንድሩ ጎሎታ ጋር ካደረጋቸው ሁለት አድካሚ ፍልሚያዎች በኋላ ለዓመታት ከመድረኩ ራቀ።